ቴስታታው ከመፈታቱ በፊት

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለመሠረታዊ ማኅበራት ሥራ አስኪያጆች፣ ለቁጥጥር ኮሚቴ አባላትና ለሾፌሮች የቀረበ የሙያ ገለጻ)



እንዲህ ባለው በዓል ላይ ስለ ምርት ግብይት፣ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦትና ስለ ትርፍ ክፍፍል መነጋገር የተለመደ ነው። የዚህ ገለጻ ርዕስ ግን በመዳፍ ውስጥ የሚያዝ አንድ የሞተር ዕቃ ነው። ቴርሞስታት ይባላል። ዋጋው ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር እንኳ አይወዳደርም። ይሁን እንጂ በዚህች ዕቃ ጠንቅ ቴስታታ ያለ አግባብ ተፈትቷል፣ የአባላት ገንዘብ ወጥቷል፣ አንድ ሾፌርም ያላጠፋውን ጥፋት ሊከፍል ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ነገሩ የሆነው በምሥራቅ ጎጃም ነው። የማኅበሩን ስም ማንሳት አያስፈልግም፤ መኪና ያለው ማኅበር ሁሉ የራሱ ታሪክ አድርጎ ሊሰማው ይችላል። ጊዜው ሰኔ ነበር። የማኅበሩ የናፍጣ ፒካፕ ሥራ አስኪያጁንና ሂሳብ ሹሙን ይዞ ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ጀመረ። ከደጀን ወደ ዓባይ ሲወርድ ምንም ችግር አልታየበትም። ድልድዩን ተሻግሮ የጎሃ ጽዮንን አቀበት ሲያያዘው ግን የሙቀት ጌጁ ከመሐል ተነስቶ ወደ ቀዩ መስመር ወጣ። መንገዱን ለማያውቅ ሰው፣ ከአፋፍ እስከ አፋፍ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያ ርቀት መኪና 1,400 ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። የሞተር ማቀዝቀዣ ሥርዓት ደካማ ጎን ካለው ገመናው የሚገለጠው እዚያ ነው።

ሾፌሩ ጥግ ይዞ አቆመ። የራዲያተሩን ክዳን ወዲያው አልከፈተም። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ፣ በወፍራም ጨርቅ ሸፍኖ ቀስ ብሎ ፈታው፤ ውሃ ሞላ፤ በዝግታ እየነዳ አዲስ አበባ ገባ። በዚህ በኩል የሚነቀፍበት ነገር አልነበረውም። ትኩስ ራዲያተር በድንገት ከፍቶ ፊቱንና እጁን የተቃጠለ ሾፌርና ረዳት በየመንገዱ ስላለ ይህ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም።

ጋራዥ የተረከበው መካኒክ ሞተሩን አስነስቶ ማኒኮቶዎቹን ዳበሰ። የላይኛው ያቃጥላል፤ የታችኛው ቀዝቃዛ ነው። ከዚያም የላይኛው ማኒኮቶ ከቴስታታው ጋር የሚገናኝበትን ክዳን ሁለት ቡሎን ፈትቶ ከፈተ። ውስጡ ባዶ ነው። «ይህ መኪና ቴርሞስታት የለውም፤ ድሮ አውጥተው ጥለውታል» አለ። ቴርሞስታት ከሌለ ጥፋቱ የቴርሞስታት ሊሆን አይችልም ተባለና ፍርዱ ወደ ቴስታታው ዞረ። ቴስታታው ተፈታ፣ ቶርኖ ቤት ተልኮ ተላጠ፣ ጋርኒሲዮኑ ተለወጠ። መኪናው ከሁለት ሳምንት በላይ ጋራዥ ቆመ። ወሩ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚሠራጭበት ስለነበር ማኅበሩ በኪራይ መኪና ሲሠራ ከረመ።

የጋራዡ ደረሰኝ ሲቀርብ የቁጥጥር ኮሚቴው ተቆጣ፤ መቆጣቱም ተገቢ ነው፣ የኮሚቴው ሥራ የአባላትን ገንዘብ መጠበቅ ነውና። ነገር ግን ቁጣው ያረፈው በሾፌሩ ላይ ነበር። «ውሃ ሳያይ ነድቶ ሞተሩን አቃጠለ» ተባለ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈለት። ከወጪው ከፊሉ ከደመወዙ በየወሩ ይቆረጥ የሚል ሐሳብም ቀረበ።

መኪናው ከጋራዥ ወጥቶ በከተማ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ደህና ነበር። በሁለተኛው የአዲስ አበባ ጉዞ፣ ያው አቀበት ላይ፣ እንደገና ፈላ። ጎሃ ጽዮን ላይ ሌላ መካኒክ ተጠራ። ይኸኛው ዕድሜው ለጋ ቢሆንም አንድ ነገር ያውቅ ነበር። ከራዲያተሩ ግርጌ የሚነሳውን ማኒኮቶ በእጁ እየተከተለ ሄደና የውሃ ፓምፑ አጠገብ ካለው ክዳን ውስጥ ቴርሞስታቱን አወጣው። መጀመሪያውኑ እዚያ ነበር። ያገኘውን ግን በአዲስ በመተካት ፈንታ «ለቆላ አያስፈልግም» ብሎ ያለ ቴርሞስታት መልሶ ዘጋው። ሾፌሩ የወጣችውን ዕቃ አልጣላትም፤ በጨርቅ ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጣት። ይህ ጥንቃቄው በኋላ ጠቅሞታል።

ከዚያ ወዲህ የመኪናው ጠባይ ግራ የሚያጋባ ሆነ። ጧት ከደብረ ማርቆስ ሲነሳ ጌጁ ከታች አይንቀሳቀስም፤ የጋቢናው ማሞቂያ ቀዝቃዛ አየር ይነፋል፤ ናፍጣ ይበላል። የዓባይን አቀበት ሲይዝ ግን አሁንም ወደ ቀዩ ይጠጋል። በብርድ የማይሞቅ፣ በአቀበት የሚፈላ መኪና ምን ዓይነት በሽታ ይዞት ነው?

ይህን ለመረዳት ዕቃዋ የምትሠራውን ማወቅ ያሻል። የሞተር ውሃ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው አጭር ነው፤ ውሃው በራዲያተሩ ሳያልፍ እዚያው ሞተሩ ውስጥ ይዞራል። ሁለተኛው ረጅም ነው፤ ወደ ራዲያተር ወጥቶ ቀዝቅዞ ይመለሳል። ቴርሞስታት በሁለቱ መካከል የቆመች በረኛ ናት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ረጅሙን መንገድ ዘግታ ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ ታደርጋለች፤ ሲሞቅ በሩን ትከፍታለች። በመሐሏ ያለችው ትንሽ የብረት ዋንጫ ውስጥ ሰም አለ። ሰሙ ሲቀልጥ ያብጣል፣ ሲያብጥ ዘንጓን ይገፋል፣ በሩ ይከፈታል። ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ስፕሪንጉ በሩን መልሶ ይዘጋል። ኤሌክትሪክ የለ፣ ኮምፒዩተር የለ። ሰርጂየስ ቨርኔት የተባለ ሰው በአሜሪካ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ይህ የሰም አሠራር እስከ ዛሬ በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ እየሠራ ይገኛል።

ዕቃዋ የምትከፈትበት የሙቀት መጠን በአካሏ ላይ ታትሟል፤ በብዙ ፒካፖች 82 ወይም 88 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። ስታረጅ፣ ወይም የወንዝና የጉድጓድ ውሃ ከሚያመጣው ኖራና ከዝገት የተነሳ፣ ከሁለት አንዱ ይገጥማታል፤ ወይ ተዘግታ ትቀራለች፣ ወይ ተከፍታ ትቀራለች። ተዘግታ ከቀረች ሞተሩ ይፈላል። ተከፍታ ከቀረች አደጋው ዝግ ያለ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። ሞተሩ ከሚፈለገው ሙቀት በታች ሲሠራ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፣ ጧት ነጭ ጭስ ይበዛል፣ ዘይቱ ውስጥ እርጥበት ይጠራቀማል፣ ሲሊንደሩ ከዕድሜው በፊት ይበላል። በደብረ ብርሃን ብርድ ለዓመታት ያለ ቴርሞስታት የተነዳ ሞተር ሲፈታ መካኒኮች የሚያዩት ይህንኑ ነው።

«አውጥቶ መጣል» የሚባለውን ልማድ በተመለከተ ደግሞ፣ ከዚህ በላይ የተነገረው የፒካፑ ጠባይ መልሱን ይዟል። በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቷ ሁለት ክዳን አላት። የፊተኛው የራዲያተሩን መንገድ ሲከፍት የኋለኛው አጭሩን መንገድ ይዘጋል። ዕቃዋ ጭራሽ ስትወጣ ሁለቱም መንገዶች ክፍት ይሆናሉ። ውሃ ደግሞ የሚቀለውን መንገድ ይመርጣል፤ ከፊሉ በራዲያተሩ ሳያልፍ ትኩስ እንደሆነ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። በሜዳ ላይ የሞተሩ ሙቀት አነስተኛ ስለሆነ መኪናው ከልክ በላይ ይቀዘቅዛል፤ በአቀበት ግን ለራዲያተሩ የሚደርሰው ውሃ አይበቃም። እንግዲህ «ለቆላ አያስፈልግም» የሚለው ምክር፣ ቢያንስ ለእንደዚህ ያሉ ሞተሮች፣ በቆላም በደጋም የሚጎዳ ምክር ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ስሕተት እንመለስ። የመጀመሪያው መካኒክ ሰነፍ አልነበረም። ማኒኮቶ ዳብሷል፤ ከፍቶም አይቷል። የተሳሳተው ዕቃዋ የት እንዳለች ሳያረጋግጥ የዳበሰውን በመተርጎሙ ነው። ቴርሞስታት በአንዳንድ ሞተር ላይ የላይኛው ማኒኮቶ ከቴስታታው ጋር በሚገናኝበት፣ ማለትም ውሃ ከሞተር በሚወጣበት ቦታ ትቀመጣለች። በሌላው ሞተር ላይ ውሃ ወደ ሞተር በሚገባበት፣ በታችኛው ማኒኮቶ ጫፍ፣ ብዙ ጊዜ በውሃ ፓምፑ አጠገብ ናት። ሁለቱንም ማኒኮቶዎች ከራዲያተሩ ጀምሮ እስከ ሞተሩ ድረስ በእጅ መከተልና በሁለቱም ጫፍ ያለውን በቡሎን የታሰረ ክዳን መመልከት የመጀመሪያው ሥራ መሆን አለበት።

ልዩነቱ የሚያመጣው ነገር ቀላል አይደለም። ዕቃዋ ከላይ ሆና ተዘግታ ከቀረች፣ ጌጁ ቀዩ ላይ ሳለ የላይኛው ማኒኮቶ ራሱ ከሚጠበቀው በታች ቀዝቃዛ ይሆናል። ዕቃዋ ከታች ሆና ተዘግታ ከቀረች ደግሞ የላይኛው ያቃጥላል፣ የታችኛው ይቀዘቅዛል። ይህ ሁለተኛው ምልክት ከተደፈነ ራዲያተር ምልክት ጋር አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ እጅ የዳበሰውን ማመን የሚቻለው ዓይን ቦታዋን ካየ በኋላ ነው።

ጤነኛዋን ለይቶ ማወቅም አስቸጋሪ አይደለም። ጧት ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሳለ ይነሳል፤ በእርግጥ እጅን ከቺንጋውና ከቬንቲላቶሩ ማራቅ ያስፈልጋል። ዕቃዋ ከላይ ከሆነች ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጌጁ እየወጣ የላይኛው ማኒኮቶ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ በድንገት ይሞቃል። ያ ድንገተኛ ሙቀት በሩ የተከፈተበት ቅጽበት ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ በቀስ ለብ እያለ ከሄደ በሩ ድሮም ክፍት ነበር፣ ወይም ጭራሹን በር የለም። ዕቃዋ ከታች ከሆነች ያንኑ ድንገተኛ ለውጥ በታችኛው ማኒኮቶ ላይ መጠበቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሌሎች ቀላል ነገሮች ይታያሉ። ውሃው ጎድሎ ይሆን? ቺንጋው ላልቶ ይሆን? ወደ አውድማ የሚገባ መኪና የራዲያተሩ ገጽ በጤፍ ገለባ ተደፍኖ ሲገኝ ብርቅ አይደለም፤ ያን ከኋላ ወደ ፊት በውሃ ማጠብ ብቻ ችግሩን ሊፈታ ይችላል። ጌጁም ራሱ ሊያታልል እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል። የሙቀት መለኪያው ውሃ ካልነካው በትክክል አያነብም፤ ውሃው ፈሶ ካለቀ ሞተሩ እየነደደ ጌጁ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። አቀበት ላይ ጌጁ በድንገት ሲወርድ ደስ የሚለው ሾፌር ቢኖር መቆም ያለበት ያኔ ነው።

የጋርኒሲዮን መቃጠል ደግሞ የራሱ ምልክቶች አሉት። ቀዝቃዛው ሞተር ተነስቶ ክዳኑ እንደተከፈተ ራዲያተሩ ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ ይንተከተካል፤ ማኒኮቶዎቹ ሞተሩ ሳይሞቅ በግፊት ይደነድናሉ፤ የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ወተት የመሰለ ነገር ይታያል፤ በውጭ የሚንጠባጠብ ሳይታይ ውሃ ይጎድላል። በተጠቀሰው ፒካፕ ላይ ከእነዚህ አንዱም አልተጻፈም፤ የጋራዡ ወረቀት የሚለው «ቴስታታ ተሠርቷል» ብቻ ነው። ለጋራዡ ፍርድ ላለማጓደል አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ደጋግሞ የፈላ ሞተር ቴስታታው ሊጣመም፣ ጋርኒሲዮኑም በኋላ በእውነት ሊቃጠል ይችላል። መመርመሩ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ ከዚያ መጀመሩ ነው።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር በመጨረሻ በጡረታ ላይ ያሉ አንድ አዛውንት መካኒክ አስጠሩ። አዛውንቱ ሾፌሩ በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀመጣትን ዕቃ ተቀብለው አገላብጠው አዩ። 82 የሚል ታትሞባታል። «መኪናውን አሁን አልነካም። መጀመሪያ ኮሚቴው ይሰብሰብ፤ ቡታጋዝና ድስት ይምጣ» አሉ። ቴርሞሜትሩ በአካባቢው ካለው የወተት ማኅበር በውሰት መጣ። ተመሳሳይ ቁጥር ያላት አዲስ ቴርሞስታትም ተገዛች።

አሮጌዋና አዲሷ በሽቦ ተንጠልጥለው፣ የድስቱን ግርጌ ሳይነኩ፣ በአንድ ውሃ ውስጥ ገቡ። በ70 ዲግሪ ሁለቱም ዝግ ነበሩ። 82 አካባቢ ሲደርስ የአዲሷ ክዳን ከመቀመጫው ተላቀቀ፤ አሮጌዋ ንቅንቅ አላለችም። 90 ላይ አዲሷ በሰፊው ተከፍታ ነበር። ውሃው ሲንተከተክ አሮጌዋ ወረቀት የምታሳልፍ ያህል ስንጥቅ ብቻ አሳየች። ሾፌሩ ጥግ ላይ ቆሞ ዝም ብሎ ይመለከት ነበር።

ከኮሚቴው አባላት አንዱ ግን አልረካም። በአዲሷ ማሸጊያ ላይ በ95 ዲግሪ 8 ሚሊ ሜትር መከፈት እንዳለባት ተጽፏል። ቡታጋዙ የቱንም ያህል ቢነድ ቴርሞሜትሩ ከ92 አላልፍ አለ። «ጋሼ፣ ይህ መለኪያ የተበላሸ ነው፤ በተበላሸ መለኪያ ሰው ነጻ ሊወጣ አይችልም» አለ።

ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነበር። መለኪያው አልተበላሸም። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ወለል ከፍታ ነው፤ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ግድም ነው። በደብረ ብርሃን 91 ያህል፣ ዓባይ ድልድዩ ዘንድ ግን ከ96 እስከ 97 ይደርሳል። ስለዚህ በደጋ ላይ በክፍት ድስት 95 ዲግሪ ማግኘት አይቻልም። 88 የታተመባት ጤነኛ ቴርሞስታት በደጋ ድስት ውስጥ በመጠኑ ብቻ ተከፍታ «ተበላሽታለች» ተብላ ልትጣል ትችላለች። አዛውንቱ አዲሷን ከአሮጌዋ ጎን የሰቀሉት ለዚህ ነበር፤ መለኪያው ቢያጠራጥር እንኳ ሁለቱ በአንድ ውሃ ውስጥ ናቸው።

ሞተሩ ታዲያ በደጋ በ92 ዲግሪ ለምን አይፈላም? በራዲያተሩ ክዳን ምክንያት። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ይታያል፤ ውሃውን አፍኖ የሚይዝበት ግፊት ነው። በዚያ ግፊት ውሃው በደጋም ቢሆን ከ110 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይፈላም። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ያለው መኪና ቴርሞስታቱ ጤነኛ ሆኖም በአቀበት ይፈላል። አዛውንቱ የፒካፑን ክዳን ፈትተው ካዩ በኋላ እሱም እንዲለወጥ አድርገዋል።

አዲሷ ቴርሞስታት ስትገጠም ስፕሪንጓ ወደ ሞተሩ ዞረ፤ አየር የምታስወጣው ትንሿ ቀዳዳ ወደ ላይ ሆነች፤ የጎማ ቀለበቷም አዲስ ነበር። ዝገት የሚከላከል ፈሳሽ ከንጹሕ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ተሞላ። መኪናው አፍንጫውን ወደ ዳገት አድርጎ ቆሞ፣ ክዳኑ እንደተከፈተ፣ የጋቢናው ማሞቂያ ተለቆ፣ አረፋው እስኪያቆም ሠራ። ይህን መጨረሻ ላይ ያለውን ሥራ ብዙዎች ይዘሉታል። አየር ሞተሩ ውስጥ ከታፈነ ግን አዲሷም ዕቃ ውሃ ሳይነካት ተዘግታ ትቆያለች፤ መኪናው በማግስቱ ሲፈላ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይባላል።

በሚቀጥለው ሳምንት ፒካፑ ወደ ዓባይ ወረደ። ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠው ቴርሞሜትሩን የተጠራጠረው የኮሚቴ አባል ነበር። ጎሃ ጽዮን አፋፍ እስኪደርሱ ጌጁን እየተመለከተ በየአምስት ኪሎ ሜትሩ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጻፈ፤ ከመሐል አልተነሳም። በቃለ ጉባኤው ላይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ከሾፌሩ ማህደር እንዲወጣ ተወሰነ። አሮጌዋ ቴርሞስታት ከነሽቦዋ በፖስታ ታሽጋ በመኪናው ማህደር ውስጥ ተቀመጠች፤ ቴርሞሜትሩም ለወተት ማኅበሩ ተመለሰ።